የፊደል ገበታ ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ይቺን አንብቡ

መስከረም ሲጠባ የፊደል ገበታ ገበያው ይደራል። መርካቶ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቆች በር ላይ ተንጠልጥሎ፣ ታክሲ ተራ ደግሞ አዟሪ ክንድ ላይ ተጠቅልሎ ታገኙታላችሁ። አንደኛ ክፍል ስለማስተምር ወላጆች "የቱ ይሻላል?" እያሉ ይጠይቁኛል። ዘንድሮ ሦስቱንም ዓይነት ገዝቼ ክፍል ውስጥ ሞከርኳቸው። አንዱ በላስቲክ የተለበጠው የግድግዳ ፖስተር ነው፣ ሌላው ሲነኩት የሚናገረው ባለ ባትሪ ሰሌዳ፣ ሦስተኛዋ ያቺ የድሮዋ ቀጭን የፊደል መጽሐፍ። የሠሪዎቹን ስም አላነሳም፣ ገበያው ላይ ያሉት ደግሞ አብዛኞቹ ተቀራራቢ ናቸው። ከወዲሁ ልንገራችሁ፣ ያሸነፈችው ርካሿ ናት። ግን ለምን እንዳሸነፈች ካላወቃችሁ እሷም ብትሆን ብዙ አትጠቅማችሁም።

ከሚናገረው ልጀምር፣ ቶሎ እንገላገለው። ዋጋው ከሦስቱ ይብሳል። ልጆቹ መጀመሪያ ላይ ተጋፍተው ነኩት፣ ደስ አላቸው፣ ከዚያ የትኛው ቁልፍ ዘፈን እንደሚያጫውት ሲደርሱበት ሌላውን ረሱት። ይሄ እንኳ ይሁን፣ ልጅ ነው። የማልምረው ድምፁን ነው። ትንሿ ስፒከር ቀን ከከ፣ ጠን ከተ፣ ጨን ከቸ አትለይም። እኔ ራሴ ዓይኔን ጨፍኜ ስሰማ የቱን እንደነካው ማወቅ አቃተኝ። አማርኛ ላይ ደግሞ እነዚህ ድምፆች ቃል ይለያሉ፣ "ጠራ" እና "ተራ" አንድ አይደሉም። ውጭ አገር ሆናችሁ ለልጆቻችሁ ልታስልኩ ያሰባችሁ በተለይ እዚህ ላይ ልብ በሉ። አዲስ አበባ ያለ ልጅ ሰሌዳው ቢያበላሽበት ሰፈሩ ያርመዋል። ዋሽንግተን ወይም ፍራንክፈርት ያለው ግን ከእናትና ከአባቱ ሌላ ማን ያርመዋል?

ፖስተሩ ይሻላል። ትልቅ ነው፣ ከኋላ ወንበር ይታያል፣ ጠመኔና እጅ ቢነካውም ይወለወላል። ችግሩ ሥዕሎቹ ናቸው። ፐ ጎን ፓፓያ፣ ጰ ጎን ጳጳስ፣ ዠ ጎን ዣንጥላ። ልጁ ሥዕሉን አይቶ "ፓ" ይላል፣ የተጻፈው ግን "ፐ" ነው። እኛ አዋቂዎች ዘራቸው፣ ማለት ፐ ፑ ፒ ፓ የሚለው መስመር፣ አንድ ስለሆነ ልዩነቱ አይታየንም፣ ለልጁ ግን ገና ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እሺ፣ በፐ የሚጀምር የሚሳል ነገር መፈለግ ያስቸግራል፣ ይሁን። ለ ጎን ሎሚ የሳለውን ሰውዬ ግን ምን ልበለው? ለውዝ ምን አጠፋ?

ደግሞ ፖስተሩ ያው ከላይ እስከ ታች ሀሁ ብቻ ነው። ዋናው ጉዳይም እዚህ ላይ ነው። ልጆች ሀ ሁ ሂ ሃን እንደ ዘፈን ነው የሚይዙት። ወላጅ ይደሰታል፣ ቪዲዮ ይቀርጻል፣ ለአያት ይላካል። እኔ ጠጋ ብዬ ጣታቸውን አያለሁ፣ ጣት ላ ላይ አፍ ሌ ላይ! አንዱን ተማሪዬን "ሞ የቷ ናት?" ብዬ ጠየቅሁት። ዝም አለ፣ ከንፈሩ ግን ይንቀሳቀሳል። መ ሙ ሚ ማ ሜ ም ሞ ብሎ በሹክሹክታ ቆጥሮ ደረሰባት፣ ከዚያ በኩራት ጣቱን ጣል አደረገ። ትክክል ነው፣ አገኛት። ግን ይሄ ልጅ "ሞተር" የሚለውን ቃል ሲያነብ አስቡት። ለሞ አንድ ጊዜ ይዘፍናል፣ ተን እንደምንም ያልፋታል፣ ለር ደግሞ ረ ሩ ሪ ራ ሬ ር ብሎ እንደገና ይዘፍናል፣ መጨረሻው ላይ ሲደርስ መጀመሪያው ምን እንደነበር ጠፍቶታል። ልጅ በአንድ ጊዜ አእምሮው ውስጥ የሚይዘው ነገር ጥቂት ነው። ፊደሉን መለየት ራሱ ጉልበቱን ከጨረሰው ለቃሉ ትርጉም የሚተርፍ ነገር የለም። ሰነፍ ስለሆነ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2010 በስድስት የአገራችን ቋንቋዎች የንባብ ምዘና ተደርጎ ነበር። ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 ከመቶ ያህሉ ለክፍላቸው ከሚመጥን ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ሁለተኛ ክፍል እኮ ነው! በአማርኛ ከተፈተኑት ብዙዎቹ ግን ሀሁን ከዳር እስከ ዳር ይዘፍኑት እንደነበር እወራረዳለሁ።

አሁን ወደ ቀጭኗ መጽሐፍ። ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ ካሰራጯት ዓይነት ናት፣ አያቶቻችን የቆጠሩባት። ሥዕል የላትም፣ ቀለም የላትም፣ ወረቀቷ ልጅ እጅ ላይ ወር አይቆይም። እኔ የገዛኋት ላይ ደግሞ ቀለሙ ፈሶ የሌ ቀለበት ተደፍኗል፣ ሌና ሊ መንታ ሆነዋል፣ ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት የኃምስን ረድፍ፣ ማለት እነ ሌ፣ ሜ፣ ሴን፣ አንድ በአንድ እዩ። ታዲያ ለምን አሸነፈች? ከሀሁ ቀጥሎ አቡጊዳ ስላለባት ነው።

አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። አ ግዕዝ ናት፣ ቡ ካዕብ፣ ጊ ሣልስ፣ ዳ ራብዕ፣ ሄ ኃምስ፣ ው ሳድስ፣ ዞ ሳብዕ። ከሰባት የተለያዩ ዘሮች አንዳንድ አንሥቶ ሰልፉን ያፈርሰዋል። ሀሁን በዜማ ብቻ የያዘ ልጅ እዚህ ጋ እጅ ከፍንጅ ይያዛል፣ ምክንያቱም መዝፈን አይቻልም፣ ማየት ግድ ነው። የኔታ ቤት ልጁ በስንደዶ እያንዳንዷን ፊደል እየነካ ነበር የሚቆጥረው፣ የቀደመው ተማሪ ደግሞ ጀማሪውን ያስቆጥራል። አለንጋውን አልናፍቅም። ግዕዙ ሳይገባው ዳዊት የደገመ ልጅም ስንት እንደሆነ አውቃለሁ፣ እሱ ሌላ ጨዋታ ነው። ፊደል መለየት ላይ ግን የኔታ ከእኛ ይበልጡ ነበር፣ ይሄን ለመናገር አላፍርም።

ለምን ይበልጡናል ካላችሁ፣ እኛን ማን አስተማረን? ኮሌጅ ሳለን የልጆችን አስተሳሰብ ስላጠናው ስለ ፒያዤ ተምረናል፣ ስለ ተማሪ ተኮር ዘዴ ተምረናል፣ ዕቅድ አወጣጥ፣ ተከታታይ ምዘና፣ ሁሉም አለ። ፕራክቲከም፣ ማለት የማስተማር ልምምድ፣ ወጥተን ክፍል ጥግ ቁጭ ብለን ቅጽ ሞልተናል። አንድ የስድስት ዓመት ልጅ በን ከሰ እንዴት እንደሚለይ፣ ሲያቅተው ምን እንደሚደረግ ግን አንድ ሰዓት እንኳ አልተነገረንም። አንደኛ ክፍልን አዲስ ለተመረቀ ወይም "ለደከመ" መምህር የሚሰጡ ትምህርት ቤቶችም አሉ፣ ቀላል ነው ብለው። ቀላል! 33 ዘር በሰባት ሲባዛ 231 ነው፣ ቨን ከጨመራችሁ 238፣ እነ ሏና ቋ ገና ሳይቆጠሩ።

ደግነቱ ፊደላችን ሥርዓት አለው፣ ልጆች ሥርዓቱን ካዩት ቶሎ ይሮጣሉ። ሁ፣ ሉ፣ ሙ፣ ሱ፣ ቡ፣ ቱ፣ ሁሉም በቀኝ ጎናቸው ወገባቸው ላይ ሰረዝ አላቸው። ሌ፣ ሴ፣ ቤ፣ ቴ እግራቸው ሥር ቀለበት። እንደ ሩ፣ ፉና ዩ ያሉ ዐመፀኞች አሉ፣ ልጆች እነሱን ማደን ይወዳሉ። ሳድስ ግን ራስ ምታት ነው። ቅርጹ እንደየዘሩ ይለያያል፣ ድምፁም አንዴ አለ አንዴ የለም፣ "ልብ" ውስጥ ሁለቱም ሳድስ ናቸው፣ ግን እንደ ል ብን ጎትታችሁ አታነቧትም። ይሄን በዘፈን የሚማር ልጅ የለም፣ ቃል ውስጥ ደጋግሞ ማየት አለበት። መጥበቅና መላላት፣ ማለት ፊደሉ ጠበቅ ወይም ላላ ተደርጎ መነበቡ፣ ደግሞ ጭራሽ አይጻፍም። "ገና" የበዓሉ ይሁን "ገና ነው" የምንለው፣ የሚያውቀው ዓረፍተ ነገሩን የተረዳ ብቻ ነው።

ስለዚህ እኔ እንዲህ አደርጋለሁ። ፖስተሩን ሁለት እገዛለሁ። አንዱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ ሁለተኛውን በመቀስ ቆራርጬ ካርድ አደርገዋለሁ፣ ሥዕሎቹን ጥዬ። ሁሉንም አንዴ አላወጣም። ለ፣ መ፣ ረ እና በን ብቻ ይዤ እጀምራለሁ፣ ከአራቱ ዘር ላም፣ ሎሚ፣ ማር፣ በር፣ ልብ፣ በራ ይወጣሉ። ልጆቹ ካርዱን ወለል ላይ ዘርግተው ቃል ይገጥማሉ፣ ይጣላሉ፣ "ሚዬን ሰረቀኝ" እየተባለ ይከሰሰኛል። ሳምንቱ ሳያልቅ የሚያነብ ይገኛል፣ ሀሁን ገና ሳይጨርስ። መጽሐፏን ደግሞ ለቤት እሰጣለሁ፣ ከአቡጊዳው ገጽ ላይ ምልክት አድርጌ። አንዳንድ ወላጅ ቅር ይለዋል፣ "ልጄ ሀሁን አልጨረሰም፣ ምን ሆናችሁ ነው?" ይላል። ካርድ አደባልቄ ልጁን በፊቱ አስነብበዋለሁ፣ ክርክሩ እዚያው ያበቃል።

ስትገዙ እንግዲህ፣ ፖስተሩ ላይ ፊደሉ ራሱ ከሥዕሉ ገዝፎ መታየቱን እዩ፣ አብረቅራቂ ልባጥ ከሆነ መስኮት ፊት ለፊት አትለጥፉት፣ ከጎን ለሚቀመጥ ልጅ ነጭ ብርሃን ብቻ ነው የሚታየው። መጽሐፏን ገልብጣችሁ አቡጊዳ ከሌለባት ሌላ ጠይቁ፣ ሻጩ "ያው ነው" ቢላችሁም አትመኑት። የሚናገረውን ሰሌዳ የሚፈልግ ካለ ደግሞ የእኔን በግማሽ ዋጋ ይውሰድልኝ፣ ባትሪው ገና ነው።