አሮጌ ጭቃ ቤት ያላችሁ፣ «አዲስ አድርገን እናስረክባለን» ለሚሉ ቅድመ ክፍያ አትስጡ

ወላጆቻችሁ የሠሩት አሮጌ የጭቃ ቤት ያላችሁና ክረምቱ ሳይገባ ውስጡን ላሳድሰው ብላችሁ የምታስቡ ሁሉ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ይህን አንብቡ። «ግድግዳውን በሲሚንቶ ለስነን፣ ጣውላውን አንሥተን ሴራሚክ አንጥፈን፣ ቀለም ቀብተን አዲስ ቤት እናስረክባለን» እያሉ የሚያዋውሉ አሉ። ዋጋው በጥቅል ይነገራል፤ ከግማሽ በላዩ በቅድሚያ ይከፈላል፤ ውሉ ከአንድ ገጽ አያልፍም። ሥራው ሲያልቅ ቤቱ ያምራል። ጉዳቱ የሚጀምረው ግን ከዚያው ቀን ነው።

ጉለሌ የሚገኘው የአክስቴ ቤት የቆየ ነው፤ የወደቀ ግን አልነበረም። መሠረቱ ድንጋይ፣ ቋሚና ማገሩ ባሕር ዛፍ፣ ግድግዳው በጭድ የተቦካ ጭቃ፣ የሳሎኑ ወለል ወፍራም የዝግባ ጣውላ ነው። ጉድለቱ በአንድ ጥግ ምርጊቱ መላጡና ሁለት ሦስት ጣውላዎች ሲረገጡ መጮኻቸው ነበር። የመጣው ሥራ ተቋራጭ ግድግዳውን በጣቱ እንኳ ሳይነካ «እማማ፣ ምንም አያስቡ፤ ይህ ጭቃ ዕድሜው አልቋል፤ ሲሚንቶ ስናለብሰው ለልጅ ልጅ ይተርፋል» አላት። ገንዘቡን የላኩት አሜሪካ ያሉት ልጆቿ ናቸው። ሥራውን በየማታው በስልክ ቪዲዮ ይከታተሉ ነበር። ነጭ ግድግዳና የሚያብረቀርቅ ወለል አዩ፣ ደስ አላቸው፣ ቀሪውን ከፈሉ። እርጥበት በቪዲዮ አይታይም።

የመጀመሪያው ክረምት አጋማሽ ላይ ከዞኮሎው፣ ማለትም ከግድግዳው ግርጌ ጠርዝ፣ ከፍ ብሎ ቀለሙ ማበጥ ጀመረ። ካበጠው ሥር ነጭ የጨው ብናኝ ይረግፋል። ግድግዳውን በጣት አንጓ ስታንኳኩት ባዶ ይጮኻል፤ ልስኑ ከጭቃው ተላቆ ከሥሩ በተመታው ሽቦ ወንፊት ብቻ ተንጠልጥሏል ማለት ነው። በመሮ ሲነካ አንድ ክንድ የሚያህል ልስን እንዳለ ወረደ። ከጀርባው ያለው ጭቃ ርሶ ጠቁሯል፤ ቋሚው እንጨት ላይ ጣቴን ስጫን እንደ ራሰ ዳቦ ገባልኝ። ስንት ዘመን ቆሞ የኖረ እንጨት በአንድ ክረምት እንዲህ ሆነ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የጭቃ ግድግዳ ከመሬትም ከአየርም እርጥበት ይወስዳል፤ በበጋ ደግሞ መልሶ ይተነፍሰዋል። እንጨቱም ጭድ የያዘው ጭቃም የሚኖሩት በዚህ ነው። ሲሚንቶ ደረቅ ያለና የማይላላ ነገር ነው። ጭቃው ሲያብጥና ሲሟሽሽ አብሮት አይሄድም፤ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ውኃ ያስገባል፣ የገባውን ግን እንደ ጭቃው መልሶ አያወጣም። በላዩ ፕላስቲክነት ያለው ቀለም ሲደረብበት ደግሞ ጨርሶ ይታፈናል። ሽቦ ወንፊት በምስማር ተመቶበት ልስኑ ይያዛል የሚሉት ነገር መላቀቁን ለጊዜው ከዓይን ይሰውራል እንጂ እርጥበቱን አያወጣም።

ከግድግዳው የባሰ ያስቆጨኝ ወለሉ ነው። በድሮ ቤቶች ከጣውላው ሥር ባዶ ቦታ አለ፤ በድንጋይ መሠረቱ ላይም ትንንሽ የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎች ይተዋሉ። የቀደሙት አናጢዎችና ግንበኞች ይህን ያደረጉት አውቀው ነው፤ ከመሬት የሚወጣው እርጥበት በዚያ ነፍሶ ይወጣል። የአክስቴን ቤት ያደሱት ሰዎች ግን ጣውላውን ነቅለው ባዶውን ቦታ በአፈርና በጠጠር ሞሉት፣ ቀዳዳዎቹን በሲሚንቶ ደፈኑ፣ ኮንክሪት አፈሰሱ፣ ሴራሚክ አነጠፉ። ከቤቱ ሥር ያለው እርጥበት የቀረው መንገድ ግድግዳው ብቻ ሆነ። የተለሰነ ግድግዳ ተፍቆ ይመለስ ይሆናል፤ የፈሰሰ ኮንክሪት ማንሣት ግን ቤቱን እንደገና መሥራት ነው። ጣውላው ሳይነቀል በላዩ ሴራሚክ እንለጥፋለን የሚሉም አሉ። እንጨት በዝናብና በበጋ ይሰፋል፣ ይጠባል፤ ሴራሚኩ ይነሣል ወይም ይሰበራል።

የነቀሉትን ጣውላ ደግሞ «ቆሻሻውን እናስወግድላችኋለን» ብለው ጭነው ሄዱ። ያን ያህል ወርድና ውፍረት ያለው ዝግባ ዛሬ እንደ ልብ የሚገኝ አይደለም፤ የሚፈልገው ብዙ ነው። ከቤት የሚነሣ ማንኛውም ጣውላ፣ በርና መስኮት የባለቤቱ መሆኑን ውሉ ላይ አስጽፉ።

ጭቃ ብቻ ነው በዚህ የሚጎዳ ብላችሁ አታስቡ። የጎንደር ፋሲል ግቢ ግንቦች ድንጋያቸው የተያያዘው በኖራ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ በሲሚንቶና በኮንክሪት ተጠገኑ፤ ከዚያ በኋላ የመጡት የቅርስ ጠጋኞች ያንን እያወጡ ወደ ኖራው መልሰዋል። በድንጋይ ግንብ ላይ ያልተስማማ ነገር የእናታችሁን ጭቃ ቤት ያጠነክራል ሲሏችሁ ለምን እንደሆነ ጠይቁ። ሲሚንቶን አልጠላም፤ ለብሎኬት ቤት ተገቢው ነው። ጥያቄው ምን ላይ ይለሰናል የሚለው ነው።

አንድ ሐቀኛ ባለሙያ ከመዋዋሉ በፊት ውኃው ከየት እንደሚመጣ ይፈልጋል። አሸንዳው ቀዳዳ ይሆናል። ወይም፣ በአዲስ አበባ ብዙ ሰፈሮች እንደምናየው፣ ኮብልስቶን ሲነጠፍ መንገዱ ከፍ ብሎ ግቢው ዝቅ ቀርቷል፤ ጎርፉ ወደ ግድግዳው ይመለሳል። አሸንዳ መቀየርና ከግድግዳው ሥር ያለውን አፈር ዝቅ አድርጎ ውኃ መውረጃ ማውጣት ከጥቅሉ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ የእድሳቱ ግማሽ ግን እሱ ነው። ከዚያ የተላጠው ምርጊት ብቻ ይፋቃል። በጤፍ ጭድ ተቦክቶ ቀናት የሰነበተ ጭቃ በስስ በስሱ ይመረጋል፤ አንዱ ሳይደርቅ ሌላው አይደረብበትም፤ መጨረሻ ላይ ኖራ ይቀባል። ከጣውላው የበሰበሰው ብቻ ተመርጦ ይቀየራል። ይህን ሥራ የሚያውቁ አዛውንት መራጊዎችና አናጢዎች ዛሬም አሉ፤ ጎረቤት ብትጠይቁ ትደርሱባቸዋላችሁ። ሥራው ቀስ ያለ ነው፤ በሳምንት አስረክባለሁ የሚላችሁ ሰው ጭቃው እንዲደርቅ አልጠበቀም።

አክስቴ ሥራ ተቋራጩን ስትጠይቀው የተሰጣት መልስ «እርጥበት በውሉ የለም» የሚል ነበር። እውነቱን ነው፤ ውሉ «የግድግዳ ልስንና የወለል ንጣፍ» ብቻ ይላል። ስለዚህ ውላችሁ በየትኛው ግድግዳ ላይ ምን ዓይነት ልስን በስንት ካሬ ሜትር እንደሚሠራ፣ ከወለሉ ሥር ምን እንደሚደረግ፣ የአየር ቀዳዳዎቹ እንደማይደፈኑ በግልጽ ይናገር። ክፍያው በየሥራው ደረጃ ይከፋፈል፤ የመጨረሻው ክፍል ቢያንስ አንድ ክረምት አልፎ የሚከፈል ይሁን። ይህን የማይቀበል ሰው ሥራው ክረምት እንደማያልፍ ያውቃል። ለከፈላችሁት ሁሉ ደረሰኝ ተቀበሉ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘትና ለደረሰበት ጉዳት ካሣ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ ያለ ደረሰኝና ያለ ዝርዝር ውል ግን መብቱን ማስረዳት ይከብዳል። ቤታችሁ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ ደግሞ ምንም ሳትነኩ ፈቃድ ጠይቁ፤ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ይህን ያዛል።

ውጭ አገር ሆናችሁ ለእናት ለአባታችሁ ቤት የምትልኩ ወንድሞችና እህቶች፣ ቪዲዮው ላይ የተቀባውን ግድግዳ ሳይሆን ከመቀባቱ በፊት ያለውን አሳዩን በሉ። ጣውላው የተነሣበትን ወለል፣ የተፋቀውን የግድግዳ ግርጌ፣ የመሠረቱን ቀዳዳዎች እዩ። ከሠራተኛው ጋር ዝምድና የሌለው አንድ አናጢ ከፍላችሁ ላኩ።

ሥራው አስቀድሞ የተሠራባችሁ ካላችሁ፣ ከዞኮሎው በላይ ያለውን ልስን በየአንድ እርምጃው አንኳኩ። ባዶ የሚጮኸውን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጉ፣ ቀኑ በሚታይበት ሁኔታ ፎቶ አንሡ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ አስፍቁት። የተደፈኑት የአየር ቀዳዳዎች ካሉ ከሁሉ በፊት እነሱን አስከፍቱ።