ለጠባሴው አውቶ ኤሌክትሪሻን ምስጋና፣ አሮጌ ፒክአፕ ላላችሁ ደግሞ ጥቆማ

በቅድሚያ በደብረ ብርሃን ከተማ ጠባሴ አካባቢ፣ በአንዲት ጠባብ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ ለሚሠራው ወንድማችን ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን በአደባባይ ማቅረብ እወዳለሁ። ስሙን እንዳልጽፍ ስለለመነኝ ፈቃዱን አከብራለሁ፤ ሥራውን ግን በዝምታ ማለፍ አልቻልኩም።

መኪናዬ ባለ አንድ ጋቢና ቶዮታ ሂሉክስ ነው፤ የ1990ዎቹ ሞዴል፣ በናፍጣ የሚሠራ፣ ብዙ እጅ የዞረ፣ ሞተሩ ግን እስከ ዛሬ የማያሳፍር። ከገጠር ገብስና ነጭ ሽንኩርት እያመላለስኩ ቤተሰቤን የማስተዳድረው በእርሱ ነው። ችግሩ የጀመረው ቁልፉን ሳዞር «ቀጭ» ብሎ ዝም በማለት ነበር። የዳሽቦርዱ መብራት ይበራል፣ ጥሩምባው ይጮኻል፣ ሞተሩ ግን አይዞርም። ደጋግሜ ስሞክረው አንዳንድ ጊዜ ምንም እንዳልሆነ ሰው ብድግ ይላል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ መንደርተኛውን አስገፍቼ፣ ሁለተኛ ማርሽ ውስጥ አድርጌ ፍሪሲዮኑን ድንገት በመልቀቅ አስነሳዋለሁ። በዚህ የተነሳ ቁልቁለት ካልሆነ በቀር የትም ማቆም ትቼ ነበር፤ ለቅሶ ቤት ስሄድ እንኳ ከድንኳኑ ርቄ ቁልቁለት ፍለጋ ስዞር ሰው ይታዘበኝ ነበር።

በየጋራዡ ያየሁትን እንግልት በዝርዝር ብጽፈው አያልቅም፤ የማንንም ስም ማንሳት ግን አልፈልግም። አንደኛው መኪናውን ቀርቦ እንኳ ሳያይ «ባትሪው ሞቷል» ብሎ አዲስ ባትሪ አስገዛኝ። ችግሩ ተመልሶ መጣ ብዬ ስነግረው «ብርዱ ነው፤ ደብረ ብርሃን እንደምትኖር አትርሳ» አለኝ። ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ የምንኖር ሰዎች ብርዱን ማንም እንዲያስታውሰን አንፈልግም፤ ይህ መኪና ግን በቀትር፣ በጠራራ ፀሐይም እምቢ ይል ነበር። ሌላው ሞተሪኖውን፣ ማለትም ቁልፍ ሲዞር ሞተሩን የሚያስነሳውን ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር፣ ፈትቼ አጥቤ ጠግኜዋለሁ ብሎ ዳጎስ ያለ ገንዘብ ተቀበለኝ፤ ምኑ ተቀየረ ብዬ አሮጌውን ዕቃ ስጠይቀው «ምን ያደርግልሃል?» ብሎ ፊቱን አዞረብኝ። የመጨረሻውማ ይባስ ብሎ፣ ሙሉ ሞተሪኖ ከአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ ከሶማሌ ተራ ገዝተህ ና ካለኝ በኋላ፣ አለበለዚያ ይህን ቆርቆሮ ሽጠህ ተገላገል ሲል በሠራተኞቹ ፊት ሳቀብኝ። የሰው እንጀራ ቆርቆሮ አይባልም ነበር።

ከዚህ ወንድም ጋር የተገናኘነው እናቴን ለሕክምና ቀጠሮ አዲስ አበባ ላደርስ በወጣሁበት ማለዳ ነው። ነዳጅ ልቀዳ ማደያ ገብቼ ሞተር ባጠፋሁበት ያ የተለመደው «ቀጭ» መጣ። የአካባቢው ወጣቶች፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ እየገፉ በቅርብ ወደሚገኘው የእርሱ ቤት አደረሱን። ሰውዬው ኮፈኑን ከመክፈቱ በፊት ጋቢና ውስጥ ነጠላዋን ተከናንባ የምትንቀጠቀጠውን እናቴን አየ። «እማማ፣ ይውረዱ፣ እዚህ ፀሐይ አለ» ብሎ የራሱን ወንበር አወጣላት፤ ረዳቱንም ሻይ እንዲያመጣላት ላከው። እኔ እስከዚያ ድረስ ጋራዥ ውስጥ እናትህ እንዴት ነች ያለኝ ሰው አላጋጠመኝም።

ከዚያም በቴስተር ባትሪውን ለካና 12 ነጥብ 6 ቮልት ሲያሳይ «ባትሪህ ጤነኛ ነው» አለኝ። ቁልፉን እንዳዞር አዝዞኝ ሞተሪኖው ላይ ሌላ ነገር ለካ፤ የቀረውን እኔ አላውቀውም። ሞተሪኖውን አውርዶ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ካስቀመጠው በኋላ ሳይፈታው በፊት ጠራኝና ብሎኖቹን አሳየኝ፤ የዓመታት ዘይትና አቧራ እንደ ተጋገረባቸው ነበሩ፤ መፍቻ ነክቷቸው አያውቅም። ተፈትቶ ታጠበ የተባልኩት ይኼው ነው። ሰውን ግን አላማም፤ «ተወው» ብቻ ብሎ ሥራውን ቀጠለ።

ከውስጡ ያወጣት ነገር ከጣት ጫፍ ብዙም የማትበልጥ የመዳብ ቁራጭ ናት። አንድ ጎኗ እንደ ከረመ ማጭድ ተበልቶ አልቋል። ኤሌክትሪኩ ከባትሪው ወደ ሞተሪኖው የሚሻገረው በእርሷ በኩል መሆኑን፣ ሲነካካ መኪናው እንደሚነሳ፣ ሳይነካካ ሲቀር ደግሞ «ቀጭ» ብሎ እንደሚቀር አስረዳኝ። ባትሪ በተቀየረ ሰሞን የተሻለው በአጋጣሚ መሆኑም ያኔ ገባኝ። ደስ ያለኝ ደግሞ ይህንኑ ቁራጯን በመዳፉ ይዞ ሄዶ ለእናቴ ጭምር ማስረዳቱ ነው። እናቴም አገላብጣ አየቻትና «ልጄን ይህን ሁሉ ጊዜ ያንገላታችው ይቺ ናት?» አለች። ከዚያ በኋላ የምርቃቱን ብዛት አልነግራችሁም።

ቁራጯን ከነጥንዷ ቀየረ፣ የባትሪውን ኔጋቲቭ ከሻሲው ጋር የሚያገናኘውን የማሳ ገመድ ጫፍ ፍቆ አጸዳ፣ መልሶ ገጠመው። የጠየቀኝ ዋጋ ለሙሉ ሞተሪኖ ከተባልኩት ጋር ጭራሽ የሚወዳደር አይደለም፤ ጨምሬ ልስጠው ብል አልቀበልም አለ። አሮጌዎቹን ቁራጮች ሳልጠይቀው በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ። ቀጠሯችን ሳያልፍብን አዲስ አበባ ደረስን። ከዚያ ወዲህ ደጋ ሆነ ቆላ፣ ሌሊት ሆነ ቀን፣ ቁልፍ ባዞርኩ ቁጥር በአንድ ጊዜ ይነሳል፤ የትም ሜዳ ላይ አቆመዋለሁ።

አሮጌ ፒክአፕ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ «ቀጭ» ብሎ የሚቀር መኪና ካላችሁ ባትሪም ሆነ ሙሉ ሞተሪኖ ከመግዛታችሁ በፊት እባካችሁ ይህን ሰው አሳዩት። ከደብረ ሲናም ከሸኖም ቢሆን መምጣት አያስቆጫችሁም። ደግሜ እላለሁ፣ አሳዩት። ስልኩን ለፈላጊ እንድሰጥ ፈቅዶልኛልና በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እሁድ ስለማይሠራ በሥራ ቀን በጠዋት ብትሄዱ ሳይጨናነቅ ታገኙታላችሁ።