ሦስት የተኩስ ጌሞች በጅማ ክረምት

ጅማ መርካቶ ውስጥ ሞባይል እጠግናለሁ። ሱቋ ጠባብ ናት። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ አምፖል፣ አንድ ባለሦስት እግር የጅማ በርጩማ፣ ከላይ ቆርቆሮ። ደንበኛ ሲጠፋ እጫወታለሁ። እውነቱን ለመናገር ደንበኛ እያለም አንዳንዴ እጫወታለሁ።

ስልክ ሊያሠራ የሚመጣ ወጣት ሁሉ አንድ ጥያቄ ይዞ ነው የሚመጣው። "ፐብጂ ይሻላል፣ ኮል ኦፍ ዲዩቲ ወይስ ፍሪ ፋየር?" ዩቲዩብ ላይ ሦስቱን የሚያነጻጽሩ ሰዎች ስለ ግራፊክስ ያወራሉ። መብራት አይጠፋባቸውም መሰለኝ። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ኔትወርክ ለአምስት ሰከንድ ቢሰናከል ምን አጣለሁ?

ከፐብጂ ልጀምር። የምወደውም፣ የሚያናድደኝም እሱ ነው። ለሞባይል የመጣው በፈረንጆቹ 2018 ነው። 100 ሰው ከአውሮፕላን ይዘላል፤ መጨረሻ ላይ የቀረው ያሸንፋል። ኤራንግል የሚባለው ካርታ 8 ኪሎ ሜትር በ8 ኪሎ ሜትር ነው። መሣሪያ ትለቅማለህ፣ መኪና ትፈልጋለህ፣ ዞኑ (ሳትጎዳ የምትቆይበት ክልል) ሲጠብ ትሮጣለህ። እስከ መጨረሻው ከቆየህ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከዚያ ውስጥ ተኩሱ ስንት ደቂቃ ነው ብትሉኝ፣ ሦስት ከሞላ ጥሩ ነው። የቀረው ወሬ ነው። ወሬው ግን ይጣፍጣል። ማን እንዳገባ፣ ማን ከዩኒቨርሲቲው እንደተመረቀ የምሰማው እዚያ ነው።

ተኩሱም ክብደት አለው። ጥይቱ ሩቅ ሲሄድ ዝቅ ይላል። ኤም 416 የሚባለውን ጠመንጃ ይዘህ ስትለቀው አፈሙዙ ወደ ላይ ይሸሻል፤ በጣትህ ወደ ታች መጎተት ግድ ነው። ከሁሉም በላይ ግን ፐብጂ የጆሮ ጌም ነው። የእግር ኮቴ ከየት እንደመጣ ካልለየህ አለቀልህ። ሐምሌ ላይ ይኼ ከባድ ነው። የጅማ ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እንኳን የጠላት ኮቴ፣ ፊቴ የቆመው ደንበኛ ድምፅም አይሰማኝ።

ባለፈው ሐምሌ አራት ሆነን ገባን። እኔ፣ ሁለት የአጂፕ ሰፈር ልጆች፣ አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅ። ጅማ ውስጥ ስኳድ (አብሮ የሚገባ ቡድን) ሲሞቅ ቋንቋው ይደባለቃል። አንዱ "ሚርጋ! ሚርጋ!" ብሎ ጮኸ። በኦሮምኛ ቀኝ ማለት ነው። የአክስቴ ልጅ "ሚርጋ ደግሞ ማነው?" ሲል ከቀኝ በኩል ተመታና ወደቀ። እኛ ሳቅ በሳቅ። እንደምንም ቀጠልን። 12 ሰው ቀረ፣ 8 ቀረ፣ 5 ቀረ። ያኔ መብራት ድርግም። ዋይፋዩም አብሮ ሄደ። ወደ ዳታ ቀይሬ እስክመለስ ሰውዬዬ ሜዳ ላይ እንደ ስልክ እንጨት ተገትሮ ነበር ማለት ነው። ስገባ ሳጥን ሆኜ ጠበቅኩኝ። ፐብጂ ላይ የሞተ ሰው ዕቃው በሳጥን ነው የሚቀመጠው፤ ገዳዬ የለቀምኩትን ሁሉ ሲመርጥ አየሁት። 26 ደቂቃ እንዲህ ሄደች።

ሊቪክ የሚባለው ትንሹ ካርታ ይሻላል። 2 ኪሎ ሜትር በ2 ነው፣ 52 ሰው ይገባል፣ ሩብ ሰዓት ያህል ነው። ከተቃጠልክም የምትቃጠለው በግማሽ ነው።

ስለ ፒንግ አንድ ነገር ልበል። ከስልክህ የወጣው መልእክት ሰርቨሩ (ጌሙን የሚያስተናግደው ኮምፒውተር) ጋ ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ ነው፣ በሚሊ ሰከንድ። እኔ ደህና ቀን 150 አካባቢ አገኛለሁ። ሰማዩ ሲከፋ 300 ያልፋል፤ የሰከንድ ሲሶ ማለት ነው። ግድግዳ ጀርባ ገባሁ ብለህ እፎይ ትላለህ። ባላንጣህ ስልክ ላይ ግን ገና ደጅ ነህ። ስለዚህ ከግድግዳው ጀርባ ሆነህ ትሞታለህ። "ሀከር ነው!" እያሉ ስልክ የሚወረውሩ አሉ። ስክሪኑን የምቀይረው እኔ ስለሆንኩ አልቃወምም። ሀከር የለም አልልም፤ ሱቄ ውስጥ ካየሁት ግን አብዛኛው ፒንግ ነው።

ኮል ኦፍ ዲዩቲ ሞባይል የመጣው 2019 ላይ ነው። እዚያም 100 ሰው የሚገባበት ጨዋታ አለ፤ እኔ አልነካውም። የምጫወተው አምስት ለአምስት ነው። ትሞታለህ፣ ጥቂት ሰከንድ ቆይተህ ትነሳለህ። ኔትወርክ ቢሰናከል ያጣኸው አንድ ሞት ነው፣ በቃ። ኑክታውን የሚለውን ካርታ ሞክሩት። ሁለት ቤቶች ፊት ለፊት፣ መሃል ላይ አውቶቡስና የጭነት መኪና። ከመነሻህ ገና ብዙ ሳትራመድ ተኩስ ውስጥ ነህ። የምታየው በሰውዬው ዓይን ስለሆነ፣ እንደ ፐብጂ ከኋላ ባለ ካሜራ ከግድግዳ ጀርባ ሆኖ አሻግሮ መሰለል የለም። ይህን ፍትሕ እወድለታለሁ። ሰርች ኤንድ ዲስትሮይ የሚሉትን ብቻ ዝናብ ቀን አትክፈቱ። ከሞትክ ዙሩ እስኪያልቅ አትነሳም፣ የቡድን ጓደኞችህም አይራሩልህም።

መጥፎነቱ ለእጅ ነው። በሁለት አውራ ጣት የሚጫወት ሰው በአራት ጣት የሚጫወት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሲገጥመው ያሳዝናል። እኔ ነኝ የማሳዝነው። ስልኬም ሦስተኛው ጨዋታ ላይ እንደ ምጣድ ይግላል።

ፍሪ ፋየርን ድሮ የፋራ ጌም ነው እል ነበር። አፌ ቁርጥ ይበልልኝ። 2017 ላይ የወጣ ነው፣ 50 ሰው ይገባል፣ አሥር ደቂቃ ገደማ ነው። ከሦስቱ ለደካማ ስልክ የሚሆነው እሱ ብቻ ነው። ራሙ 2 ጊጋ የሆነ ስልክ ይዞ ለመጣ ተማሪ ፐብጂ ብጭንለት ጥል መጀመር ነው። ደግሞ ግሉ ዎል አለው። ወርውረህ ፊትህ ላይ የምትተክለው ግድግዳ ነው። ፒንግ ሲያብድ እሱን ተክለህ ሁለት ሰከንድ ትገዛለህ። ለእኛ አገር ኔትወርክ የታሰበ ይመስላል።

አንድ የማልወድለት ነገር አለ። የመሣሪያው ቀለም ቀለም ብቻ አይደለም። አንዳንዱ ስኪን የጥይቱን ጉዳት ወይም ፍጥነት ይጨምራል። ገጸ ባሕሪያቱም የየራሳቸው ችሎታ አላቸው። አሎክ የሚባለው በዙሪያው ያለውን ሰው ያድናል፤ በእውነተኛ ብራዚላዊ ዲጄ ስም የተሠራ ነው። ታናሽ ወንድሜ ዳይመንድ (የጌሙ ገንዘብ) ካልገዛህልኝ ብሎ ሳምንት ሙሉ አኩርፏል። ፐብጂ ላይ የምትገዛው ልብስ ቢያንስ ሰው አይገድልልህም።

ግዢ ካነሳሁ አይቀር፣ ብር ተቀብለው ዩሲ (የፐብጂ ገንዘብ) እና ዳይመንድ ከሚሞሉ ደላሎች ተጠንቀቁ። አንዱ 600 ብሬን በልቶ ስልኩን ዘግቷል። እሱን እንኳ አልጠገንኩትም።

አሁን ሱቅ ውስጥ ኮል ኦፍ ዲዩቲ ነው። ደንበኛ ከመጣ ስልኩን ገልብጬ አስቀምጣለሁ፣ ቡድኔ ትንሽ ይሰድበኛል። ማታ ሊቪክ። ኤራንግል ቅዳሜ ብቻ፣ ያውም ባትሪ ሞልቶ፣ ዳታ ተገዝቶ፣ ሰማዩ ታይቶ። ፍሪ ፋየር የወንድሜ ስልክ ላይ ነው፣ ሲተኛ እሰርቀዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ስልኬ ሞላ። ጌም ለማጥፋት አልጨከንኩም። የፐብጂን ካርታዎች ለየብቻ ማጥፋት ስለሚቻል በረሃማውን ሚራማርን አጠፋሁ። ጅማ ላይ ተቀምጦ አሸዋ ማን ያስታውሳል ብዬ። በዚያው ማታ የአክስቴ ልጅ ደወለ።

"ሚርጋና ቢታ ለይቻለሁ" አለኝ። "ዛሬ ሚራማር እንግባ።"