ደብተር ያለው ዲኤስቲቪ ቤት፣ ደብረ ማርቆስ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ኳስ የሚያሳይ ቤት ሞልቷል። እኔ ለሰው የምመክረው ግን አንዱን ብቻ ነው። ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ያለው፣ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ያለው ቤት ነው። በሩ ላይ ስም አልተጻፈም። ደብተር ያለበት ዲኤስቲቪ ቤት ብላችሁ ብትጠይቁ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ያደርሳችኋል።

መጀመሪያ ተራውን ነገር ልጨርስ። መግቢያው ለአዘቦት ጨዋታ 30 ብር ነው። አርሰናልና ማንቸስተር ዩናይትድ ሲገናኙ 50 ይሆናል። ሁለት ትልልቅ ስክሪኖች አሉ። አግዳሚዎቹ መደገፊያ አላቸው፤ ሁለት ሰዓት ለሚቀመጥ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የማርቆስ ብርድ ማታ ማታ አጥንት ድረስ ይገባል፤ ቤቱ ግን ኮርኒስ ስላለው ይሞቃል። አረቄም ቢራም አይሸጥም፤ ሲጋራም አይጨስም። የጦስኝ ሻይና የገብስ ቆሎ አለ፤ ሁለቱም ጥሩ ናቸው። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ወዲያው ይነሳል። ዲኮደሩ ግን እስኪከፍት ጊዜ ይወስዳል፤ በዚያ መሃል ጎል ሊያመልጣችሁ ይችላል።

ቤቱን ከሌላው የሚለየው ደብተሩ ነው። ባለቤቱ ጠና ያሉ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ ናቸው። ትልቅ ዝውውር በተሰማ ቁጥር ጠንካራ ሽፋን ያለውን መዝገብ ከባንኮኒው ሥር ያወጣሉ። የፈለገ ሰው ፍርዱን ይጽፋል። ቡድኑ ተሳስቷል ወይስ አልተሳሳተም? ሕጉ ሁለት ነው። ምክንያት የሌለው ፍርድ አይጻፍም። አንዴ የተጻፈ አይሰረዝም። ከዚያ ዓመታት ያልፋሉ። ክረምት ላይ ሊጉ ሲዘጋ ጋሼ የድሮውን ገጽ ይከፍቱና ጮክ ብለው ያነባሉ። ክርክሩ ያኔ ይጀመራል።

ክርክሩ ደግሞ የዋዛ አይደለም። ከመካከላችን ቅኔ ቤት ያለፉ ሰዎች አሉ። ተናጋሪውን በገዛ ቃሉ ይይዙታል። «ቅድም እንዲህ ብለህ አልነበረም ወይ?» ይሉታል። ስድብ ከወጣ ጋሼ ደብተሩን ይዘጋሉ፤ ያን ቀን ሁለተኛ አይከፈትም። ስለዚህ ሰው ይጠነቀቃል። ብዙ ቦታ ኳስ አይቻለሁ። ሰው እንዲህ ተደማምጦ ስለ ዝውውር ሲያወራ የሰማሁት ግን እዚህ ብቻ ነው።

ደጋግሞ የሚከፈተው ገጽ የጥር 2010 ገጽ ነው። ጥር 14 ቀን፣ ጥምቀት ባለፈ በሦስተኛው ቀን፣ አሌክሲስ ሳንቼዝ ከአርሰናል ወደ ማንቸስተር ዩናይትድ ሄደ። ሄንሪክ ሚኪታሪያን ደግሞ ከዩናይትድ ወደ አርሰናል መጣ። በክለቦቹ መካከል የዝውውር ገንዘብ አልነበረም። ሰው በሰው ነው የተለዋወጡት። በትልልቆቹ የእንግሊዝ ክለቦች መካከል እንዲህ ያለ ልውውጥ ብዙ አይታይም። የቤቱ ደንበኛ ደግሞ ግማሹ መድፈኛ፣ ማለትም የአርሰናል ደጋፊ፣ ግማሹ ቀይ ሰይጣን፣ ማለትም የዩናይትድ ደጋፊ ነው። ገጹ ኅዳጉ ሳይቀር ተጽፎበታል።

የዩናይትዶቹ ጽሑፍ ደስታ ብቻ ነው። ደግሞም ምክንያት ነበራቸው። ሳንቼዝ ለአርሰናል 166 ጊዜ ተሰልፎ 80 ጎል አግብቷል። በ2007 እና በ2009 የኤፍኤ ካፕ፣ የእንግሊዝ የጥሎ ማለፍ ዋንጫ፣ ፍጻሜዎች ላይ ጎል አለው። ማንቸስተር ሲቲም ይፈልገው ነበር። «ከጎረቤት አፍ ነጠቅነው» ብሎ የጻፈ አለ። የአርሰናሎቹ ጽሑፍ ንዴት ነው። የሄደብን ኮከብ ነው፣ የመጣልን የዩናይትዱ አሰልጣኝ ሞሪንሆ ያልፈለገው ሰው ነው ይላሉ።

ከዚያ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ሳንቼዝ በዩናይትድ 45 ጨዋታ ተጫውቶ 5 ጎል አገባ። ሚኪታሪያን በአርሰናል 59 ጨዋታ ተጫውቶ 9 ጎል አገባ። በነሐሴ 2011 መጨረሻ፣ በመካከላቸው ሳምንት እንኳ ሳይሞላ፣ ሁለቱም በውሰት ወደ ጣሊያን ተሸኙ። ሳንቼዝ ወደ ኢንተር፣ ሚኪታሪያን ወደ ሮማ። በዓመቱ ሁለቱም ክለቦች ያለ ክፍያ ለቀቋቸው። ስለዚህ ብዙ ሰው «ሁለቱም ክለቦች ኪሳራ ላይ ወደቁ» ብሎ ይዘጋዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። በደብተሩ ቤትም ይህንኑ ነው የምከራከረው።

አንድ ስምምነት የሚመዘነው በዚያች ቀን እጅ ላይ በነበረው ነገር ነው። አርሰናል ጥር ላይ እጁ ላይ ምን ነበረው? ውሉ ሰኔ ላይ የሚያልቅ፣ ማደስ ያልፈለገ ተጫዋች። ዝም ቢሉት ክረምት ላይ በነጻ ይሄዳል። ስለዚህ በምትኩ የተገኘው ሁሉ ትርፍ ነው። ስህተቱ ሌላ ቦታ ነው። ነሐሴ 25 ቀን 2009፣ የዝውውር መስኮቱ ሊዘጋ ሲል፣ ሲቲ ለሳንቼዝ 60 ሚሊዮን ፓውንድ እንዳቀረበ ተዘግቦ ነበር። አርሰናል ምትክ አድርጎ የሞናኮውን ቶማስ ሌማርን ፈለገ። ሌማር አልመጣም፤ ሽያጩም ቀረ። እኔ የእህል ነጋዴ ነኝ። ጤፍ በነሐሴ ይወደዳል፤ አዲሱ ምርት ሲገባ፣ ጥር ላይ፣ ይረክሳል። በነሐሴ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ጎተራውን የዘጋ ሰው ጥር ላይ ያገኘውን ይቀበላል። የጥርን ገበያ ማማት ተገቢ አይደለም።

ሚኪታሪያንም ቢሆን ባዶ እጁን አልመጣም። ጥር 26 ቀን አርሰናል ኤቨርተንን 5 ለ 1 ሲያሸንፍ ሦስት ጎሎች ከእሱ በተነሳ ኳስ ነው የገቡት። በጀርመኑ ዶርትሙንድ የቡድን ጓደኛው የነበረው ኦባሚያንግም በዚያው ቀን ለአርሰናል የመጀመሪያ ጨዋታውን ተጫውቶ አገባ። ያን ምሽት ቤቱ ውስጥ የነበረውን ጭብጨባ አልረሳውም። ቅሬታዬ የባኩው ፍጻሜ ነው። ግንቦት 21 ቀን 2011 አርሰናል ለዩሮፓ ሊግ ዋንጫ ከቼልሲ ጋር ሲጫወት ሚኪታሪያን አልሄደም። እሱ አርመናዊ ነው፤ ጨዋታው አዘርባጃን ነው፤ በሁለቱ አገሮች ጠብ ምክንያት ለደኅንነቱ ተሰግቶ ቀረ። አርሰናል 4 ለ 1 ተሸነፈ። ግን ይህን ጥር 2010 ላይ ማን ሊያውቅ ይችላል? በገጹ ላይ አንድም ሰው አልጻፈውም። ያልታየን ነገር በስህተት መቁጠር ፍርድ አይደለም።

ዩናይትድ ግን ተሳስቷል። ይህንን ስል ጋሼ ፊታቸው ይቀየራል፤ ቢሆንም እስከ መጨረሻው ያዳምጡኛል። የዝውውር ክፍያ የለም ማለት ነጻ ነው ማለት አይደለም። የሳንቼዝ ሳምንታዊ ደመወዝ ከ300 ሺህ ፓውንድ በላይ እንደሆነ ያኔውኑ ተዘግቧል። በግራ ክንፍ ማርሻልና ራሽፎርድ አሉ፤ ሁለቱም ወጣት፣ ሁለቱም ቦታ ፈላጊ። በዚያ ላይ ጎረቤት እንዳይወስደው ብሎ መግዛት ምክንያት አይሆንም። ሲቲ ያኔም ያለ ሳንቼዝ ሊጉን ይመራ ነበር፤ በኋላም በዚያው ዓመት በ100 ነጥብ ሻምፒዮን ሆነ። ከዋንጫው በቀር ይህ ሁሉ በቀኑ የሚታይ ነገር ነበር። ገጹ ላይ አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር አንድ መስመር ብቻ ጽፏል። «የት ሊያጫውቱት ነው?» ይላል። ጋሼ ሁልጊዜ ይህችን መስመር መጨረሻ ላይ ነው የሚያነቧት። መምህሩ ቤት ውስጥ ካለ ያን ቀን ሻይ አይከፍልም።

በ2016 ገጹ ላይ አዲስ መስመር ተጨመረ። ሳንቼዝና ሚኪታሪያን ኢንተር ውስጥ ተገናኝተው፣ በአንድ ማሊያ የጣሊያንን ሊግ ዋንጫ አነሱ። አንዱ ልጅ ይህንን አንስቶ «ታዲያ ሁለቱም ጥሩ ነበሩ ማለት ነው» አለ። ልክ ነው። ጥሩ ተጫዋች መሆንና ጥሩ ልውውጥ መሆን ለየቅል ናቸው። ይህችን ነገር ለይተው የሚያወሩበት ቤት ስለሆነ ነው የምወደው።

አንድ ክረምት ደግሞ ቺካጎ የሚኖር የማርቆስ ልጅ ለእረፍት መጥቶ ገባ። አሜሪካ ውስጥ በቤዝቦል ሰው በሰው መለዋወጥ የዘወትር ነገር ነው አለን። እሱ ስለሚኖርበት ከተማ ቡድን፣ ስለ ቺካጎ ካብስ፣ ነገረን። እ.ኤ.አ. በ1964 ካብስ ሉ ብሮክ የሚባል ተጫዋች ለሴንት ልዊስ ካርዲናልስ ሰጥቶ ኧርኒ ብሮግሊዮ የሚባል ኳስ ወርዋሪ ወሰደ። ሌሎችም ተጫዋቾች ነበሩበት፤ ዋናዎቹ ግን እነዚህ ሁለቱ ናቸው። በቤዝቦል የጨዋታው ድልና ሽንፈት በወርዋሪው ስም ይመዘገባል፤ ብሮግሊዮ በቀደመው ዓመት 18 ጨዋታ ያሸነፈ ሰው ነው። ብሮክ ገና ስሙ ያልወጣ ነበር። ያኔ ብዙ ሰው ያተረፈው ካብስ ነው ብሎ ነበር። ነገሩ ግን ተገለበጠ። ብሮክ በዚያው ዓመት ከካርዲናልስ ጋር ሻምፒዮን ሆነ፤ እስኪያቆም ድረስ 938 ቤዝ ሰርቆ፣ ማለትም ኳስ ሳይመታ ወደሚቀጥለው ማረፊያ ሮጦ ደርሶ፣ ከታላላቆቹ ጋር ተመዘገበ። ብሮግሊዮ ለካብስ 7 አሸንፎ 19 ተሸነፈ። በዚያው ዓመት ክርኑ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል።

ከመካከላችን ቤዝቦል አይቶ የሚያውቅ አልነበረም። ሕጉን እንግዳው የቆሎ ፍሬ ጠረጴዛው ላይ እየደረደረ አስረዳን። ከዚያ ክርክሩ ጦፈ። ግማሹ ካብስን አልኮነነም፤ ወርዋሪ ፈለጉ፣ የታወቀውን ወሰዱ አለ። አንድ አረጋዊ ግን «ክንዱን አስመርምረውታል?» ብለው ጠየቁ። እንግዳው ዝም አለ። እኔም ፍርዴን ከእሳቸው ጋር አድርጌያለሁ። ብሮክ እንደዚያ እንደሚሆን ማንም አያውቅም ነበር። የሚወስዱትን ሰው ክንድ መመርመር ግን የወሳጁ ፋንታ ነው። ጋሼ ለዚህም አንድ ገጽ ሰጡት፤ አሁን ደብተሩ ውስጥ አለ።

የሚያናድዱኝ ነገሮችም አሉ። ከመሃል ያለው ምሰሶ የኋለኞቹን አግዳሚዎች ይጋርዳል፤ በግራ በኩል ተቀመጡ። በእረፍት ሰዓት ክርክር ከተነሳ ድምፁ ይቀነስና ሁለተኛው አጋማሽ ተጀምሮም ቶሎ አይመለስም። ኳስ ለማየት ለመጣ ሰው ይህ ልክ አይደለም፤ ለጋሼም ነግሬያቸዋለሁ። ሴቶች ጥቂት ናቸው። የሚመጡት ግን ተከብረው ነው የሚቀመጡት፤ ስለ ኦባሚያንግ ግዢ ከተጻፉት ሁሉ የተሻለው ፍርድ የአንዲት ነርስ ነው። መጸዳጃ ቤቱ ጓሮ ነው፤ ክረምት ላይ ጭቃ አለው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ደብተሩ ራሱ ነው። ጣሪያው አንዴ አፍስሶ የተወሰኑ ገጾች ላይ ቀለሙ ፈሷል። የ2008 ገጾች ግማሹ አይነበብም። ጋሼ፣ ይህንን ካነበቡ፣ እባክዎ በስልክ ፎቶ እናንሳውና እናስቀምጠው። እኔ ለማንሳት ዝግጁ ነኝ። ወረቀትና ማተሚያ ካስፈለገም አዋጥተን እንችላለን።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ ደብተሩ የሚከፈተው ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት ጀምሮ ነው። ያኔ መግቢያ የለም፤ ሻይ መግዛት ብቻ ነው። ሊጉ ከተጀመረ በኋላ መጻፍ እንጂ ማንበብ የለም። ለትልቅ ጨዋታ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። እስክሪብቶ ይዛችሁ ሂዱ፤ የቤቱ እስክሪብቶ ሁልጊዜ ይጠፋል።