ዘጠኝ ዓመት፣ አንድ ደብተርና ባለ 1.9 ናፍጣ ጄታ

መኪናዬ ውስጥ፣ ከፊት ተሳፋሪው ወንበር ፊት ለፊት ባለው ኪስ፣ አንድ ደብተር አለ። ናፍጣ በሞላሁ ቁጥር ቀኑን፣ ሊትሩንና ኪሎ ሜትሩን እጽፍበታለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ። ሽፋኑ በናፍጣ እጅ ተነካክቶ ወዝቷል። አንዱ ገጽ ላይ ትንሿ ልጄ ጎማ ያላት ድመት ስላበታለች። ስለ መኪናዋ የምነግራችሁ አብዛኛው ነገር የወጣው ከዚሁ ደብተር ነው።

መኪናዋ ቮልስዋገን ጄታ ናት። አምስተኛው ትውልድ፣ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ የወጣው። አራት በር ያላት ሴዳን፣ ባለ 1.9 ሊትር፣ ቮልስዋገን ቲዲአይ የሚለው የናፍጣ ሞተር፣ ማርሿ ማኑዋል ሆኖ ወደ ፊት አምስት ነው። እኛ ቤት አምስት ነን፦ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆችና እናቴ። ስንገዛት የፈለግነው ሁሉንም በአንዴ የምትጭን፣ ረጅም መንገድ የማትፈራ፣ ነዳጅ የማትጠጣ መኪና ነበር።

ወንድሜ መጀመሪያ ሲያያት ያነበበው ወረቀቱ ላይ ያለውን የፈረስ ጉልበት ነው። 105። «ይቺ አምስት ሰው ጭና ዳገት ልትወጣ?» አለኝ። እኔም ትንሽ ደንገጥ አልኩ። የናፍጣ መኪና ስትመለከቱ ግን መጀመሪያ መታየት ያለበት ሌላ ቁጥር ነው፤ ቶርክ የሚሉት፣ ሞተሩ ዘንጉን የሚጠመዝዝበት ኃይል። የዚህች 250 ኒውተን ሜትር ነው። ያውም በደቂቃ 1900 ዙር ላይ። ይኸው ጄታ ባለ 1.6 የቤንዚን ሞተርም ነበረው፤ ፈረስ ጉልበቱ 102፣ ቶርኩ ግን 148 ኒውተን ሜትር፣ እሱም ሞተሩ 3800 ዙር ሲደርስ። በፈረስ ጉልበት ሲታዩ እኩዮች ናቸው። ዳገት ላይ ግን አይገናኙም።

ይህ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ ላሳያችሁ። አምስታችንም ገብተናል፣ ኋላው በሻንጣ ተሞልቷል፣ ፊታችን ረጅም ዳገት አለ። በድሮዋ የቤንዚን መኪናችን እዚህ ጋ ማርሽ ወደ ሁለት መልሼ፣ ሞተሩን አስጩኼ፣ የሙቀት መለኪያውን በስርቆት እያየሁ ነበር የምወጣው። ጄታዋን በሦስት እገባለሁ፣ ነዳጁን ትንሽ ረገጥ አደርጋለሁ፣ ወደ 2000 ዙር አካባቢ አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ቱርቦ ሲነሳ ወንበሩ ጀርባዬን ገፋ ያደርገኛል። ከዚያ ዝም ብላ ትወጣለች። እናቴ ኋላ ተቀምጣ እንቅልፏን አታቋርጥም። ወንድሜም አንድ ቀን ራሱ ነድቷት ሲወርድ ስለ 105ቱ ድጋሚ አላነሳም።

ለሩጫ የምትሆን መኪና አይደለችም። ከቆመችበት ተነስታ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለመግባት 12 ሰከንድ ገደማ ይፈጅባታል። ለቤተሰብ ይበቃል።

አሁን ወደ ደብተሩ። ልኬቴ ቀላል ነው። ሰርባትዮውን እስከ አፉ እሞላለሁ፣ እነዳለሁ፣ እንደገና እስከ አፉ እሞላለሁ። ሁለተኛው ላይ የገባውን ሊትር በሄድኩት ኪሎ ሜትር አካፍዬ በ100 አባዛለሁ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ኮምፒውተርም ቁጥር ያሳያል፤ የየትኛውም መኪና ቢሆን ግን ግምት ነው፣ እኔ የማምነው የሞላሁትን ሊትር ነው።

ክፍት መንገድ ላይ ከ90 እስከ 100 ስነዳ በ100 ኪሎ ሜትር 4.7 ሊትር ይወጣኛል። 130 ላይ ስይዛት 6.3 ይገባል። መኪናዋን ከፊት የሚገፋት የአየር ግፊት ከፍጥነት ጋር እኩል አይደለም የሚጨምረው፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ደብተሬ ላይ ይህ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከተማ ውስጥ፣ ቆም ሄድ በሚያደርግ መንገድ፣ 6.8 አካባቢ። አንድ ክረምት ጣሪያዋ ላይ የዕቃ ሳጥን አስረን ሄድን፤ ስንመለስም ሳላወርደው ሁለት ወር ቆየ። በእነዚያ ሁለት ወራት ፍጆታዬ አንድ ሊትር ገደማ ጨምሯል። ሳጥኑ ባዶ ነበር እኮ! ሰርባትዮው 55 ሊትር ስለሚይዝ፣ በረጅም መንገድ ቀስ ብዬ ከነዳሁ አንድ ሙሌት 1000 ኪሎ ሜትር ያልፋል።

ከየት መጣ ይሄ ቁጠባ? የናፍጣ ሞተር ቤንዚኑን የሚለኩሰው ካንዴላ የለውም። አየሩን ብቻ ያምቃል፣ አየሩ በመታመቁ ይግላል፣ ናፍጣው ሲረጭበት በራሱ ይነዳል። እንዲህ አጥብቆ የሚያምቅ ሞተር ከእያንዳንዱ ጠብታ ብዙ ሥራ ያወጣል። በዚያ ላይ የቤንዚን ሞተር ነዳጁ ሳይረገጥ ሲቀር የአየር መግቢያውን ይዘጋል፤ በጠባብ አፍ ለመተንፈስ ሲታገልም ጉልበት ያባክናል። ናፍጣው እንደ ልቡ ነው የሚተነፍሰው። አንድ ሊትር ናፍጣም ከአንድ ሊትር ቤንዚን አሥር በመቶ ያህል የበለጠ ጉልበት ይይዛል።

የዚህች ሞተር ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ናፍጣውን ለሁሉም የሚያከፋፍል አንድ ትልቅ ፓምፕ የለውም። አራቱም ሲሊንደሮች ለየራሳቸው ፓምፕና መርጫ አንድ ላይ የተሠራላቸው ናቸው። ጀርመኖቹ ፑምፐ ዱዘ ይሉታል። የሚገፋቸውም የሞተሩን ቫልቮች የሚከፍተው ያው ካምሻፍት የሚባለው ዘንግ ነው። ግፊቱ ከ2000 ባር ያልፋል። ጉልበቱም ቁጠባውም ከዚህ ይመጣል። ድምፁም እንደዚያው። ጠዋት ስትነሳ ትንሽ የጭነት መኪና መሰለች ብትሉ አልቀየማችሁም። እኔ ለምጄዋለሁ፤ ባለቤቴ ዛሬም አትወደውም። ከሞቀች በኋላ ረጋ ትላለች፣ መንገድ ላይ መስኮት ተዘግቶ ማውራት አያስቸግርም።

እዚህ ጋ ስለ ዘይት ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው በዚህ ነው። ያ ካምሻፍት ፓምፖቹንም ስለሚገፋ ተጨማሪ ጥርስ ተሠርቶበታል። ቦታው ስለተጣበበም ቫልቮቹን የሚገፉት ጥርሶች ቀጠን ብለዋል። ቀጭን ጥርስ፣ ከባድ ሸክም። ስለዚህ የሚፈልገው ዘይት የተለየ ነው፤ ጣሳው ላይ 505.01 የሚለው የቮልስዋገን የዘይት ደረጃ ወይም እሱን የሚተካ መጻፍ አለበት። አንድ ጊዜ ጋራዥ አስገብቻት «ዘይት ዘይት ነው» ተብዬ ያገኙት ሊገባላት ሲል ከመካኒኩ እጅ ላይ ጣሳውን ተቀብዬ አነበብኩት። ቁጥሩ የለም። አስመለስኩት፤ ከዚያ ወዲህ ዘይቱን ራሴ ገዝቼ ነው ይዤ የምሄደው። በ10 ሺህ ኪሎ ሜትር እቀይራለሁ። ካምሻፍቱ እስካሁን የመጀመሪያው ነው።

ሁለተኛው የማይታለፍ ነገር ታይሚንግ ቤልቱ ነው፤ ካምሻፍቱን ከፒስተኖቹ ጋር አጣጥሞ የሚያዞረው ቺንጋ። ቺንጋው ከተበጠሰ ፒስተኖቹ ክፍት የቀረ ቫልቭ ይመታሉ። ከዚያ በኋላ ወሬው ስለ ቺንጋ መሆኑ ቀርቶ ሞተር ማውረድ ይሆናል። የውሃ ፓምፑንም የሚያዞረው ያው ቺንጋ ነው፤ ስለዚህ እኔ ሁለቱን አብሬ፣ ከነወጣሪው፣ በ90 ሺህ እለውጣለሁ። ፓምፑን «ገና ደህና ነው» ብሎ መተው በኋላ ያንኑ ሥራ ሁለቴ መክፈል ነው።

ነዳጅ ማደያ ላይ የደረሰብኝንም ልንገራችሁ። ደክሞኝ ነበር፣ ከመኪና አልወረድኩም። ቀጂው የቤንዚኑን አፍ አስገብቶ መቅዳት ጀመረ። ሽታው ሲመጣ ዘልዬ ወረድኩ፤ 7 ሊትር ገብቷል። የናፍጣ መቅጃ አፍ ብዙ ጊዜ ወፍራም ስለሆነ ቤንዚን መኪና ውስጥ አይገባም፤ የቤንዚኑ ግን ቀጭን ነው፣ ናፍጣ መኪና ውስጥ ሰተት ብሎ ይገባል። ልጁ ደንግጦ «ናፍጣ እንሙላበትና ይሟሟል» አለኝ። እሺ አላልኩም። ቁልፉንም አላዞርኩም፤ ቁልፉ ብቻ ሲዞር ሰርባትዮው ውስጥ ያለው ፓምፕ ነዳጁን ወደ ሞተሩ መግፋት ይጀምራልና። ናፍጣ መርጫዎቹን እያለሰለሰ ነው የሚያልፈው፣ ቤንዚን ግን ያደርቃቸዋል። ገፍተን ወደ ጎን አወጣናት፣ ሰርባትዮው ተራገፈ፣ ፊልትሮው ተቀየረ። ግማሽ ቀን ሄደ፣ ሞተሩ ተረፈ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝናብም ቢሆን ወርጄ እቆማለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ከራሴ ጥፋት ተማርኩ። ቁጠባ ብዬ ለወራት በዝግታ ብቻ፣ ለዚያውም አጭር አጭር መንገድ ነዳኋት። ጉልበቷ ቀነሰ፣ ዳገት ላይ ስረግጣት ጥቁር ጭስ መልቀቅ ጀመረች። ቱርቦው ውስጥ እንደ መስኮት መከለያ የሚከፈቱና የሚዘጉ ስስ ክንፎች አሉ፤ ጥላሸት ሲበዛባቸው ይያያዛሉ። መካኒኬ ከመፍታቱ በፊት «እስቲ መጀመሪያ ረጅም መንገድ ውሰዳት፣ ሞቅ አድርገህ ንዳት» አለኝ። ሰማሁት። ከአንድ መቶ ኪሎ ሜትር በኋላ ጉልበቷ ተመለሰ። አሁን በሳምንት አንዴ፣ ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ፣ ወደ 3000 ዙር እያወጣሁ እነዳታለሁ። በየቀኑ ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ብቻ የምትነዱ ከሆነ፣ እውነቱን ልናገር፣ ናፍጣ አትግዙ። ሞተሩ ሳይሞቅ ትደርሳላችሁ፣ ቁጠባውንም አታገኙትም።

ስለ ውስጧ ብዙ አልልም። ፖርታ ባጋሊው 527 ሊትር ነው፤ የልጆች ጋሪ ሳይበተን ገብቶ ለሁለት ትልቅ ሻንጣ ቦታ ይተርፋል። ኋላ ለሁለት ሰው ምቹ ነው። መሀል የሚቀመጠው ግን እግሩ ስር ያለውን ጉብታ አንፈራጦ ነው የሚሄደው፣ ረጅም ሰው ይማረራል። የኋላ እግሯ በየጎኑ ለብቻው የሚሠራ ስለሆነ ጉድጓድ ላይ አትዘልም፣ ጭነት ስትይዝም ኩርባ ላይ አትወላውልም። ስድስተኛ ማርሽ ቢኖራት ግን ደስ ይለኝ ነበር። 120 ላይ ስሄድ እጄ ሳላውቀው ማርሹን ይፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ2015 መስከረም ወር የወጣውን የቮልስዋገን ናፍጣ ጉዳይ፣ ጭሱ ሲመረመር ብቻ ንጹህ መስሎ እንዲታይ የሚያደርግ ሶፍትዌር የተገኘበትን፣ ሰምታችሁ «ይቺም ከዚያ ናት?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ያ ከዚህ በኋላ የመጣው ኢኤ189 የሚባለው ሞተር ነው። የኔው ባለ 1.9 አይደለም። ያም ሆኖ ሞተሩ ዩሮ 4 የሚባለው የድሮ የአውሮፓ የጭስ ደረጃ ነው፣ የኔዋ የጭስ ማጣሪያም የላትም፤ ከዘመኑ ናፍጣ ጋር ሲተያይ ጥላሸቷ ይበዛል። ልጆቼ ከኋላዋ ሲቆሙ ሞተር አላስነሳም።

አገልግላ የወጣች መግዛት የምታስቡ ካላችሁ፣ ጠዋት ሂዱ። ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት እጃችሁን ኮፈኑ ላይ አድርጉ። ቀዝቃዛ ከሆነ ቁልፉን አዙሩና ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው የተጠቀለለች ቢጫ መብራት፣ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት መሞቁን የምታሳየው፣ እስክትጠፋ ጠብቁ፣ ከዚያ አስነሱ። በአንድ ጊዜ ከተነሳች፣ ጭሱ ቶሎ ከጠራ፣ ድምፁ ሸካራ ቢሆንም እኩል ከመታ፣ ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ የሚያሳይ ወረቀት ጠይቁ። ወረቀት ከሌለ እንዳልተቀየረ ቁጠሩና ዋጋውን በዚያው ልክ ተነጋገሩ። እጃችሁን ያደረጋችሁበት ኮፈን ሞቆ ካገኛችሁት ግን፣ ቀድሞ የሞቀ ሞተር የጠዋት ችግሩን ይደብቃልና፣ ሻጩን አመስግናችሁ «ነገ ሳይነሳ እንምጣ» በሉት።