ለልጄ ቲቸር ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ይህን የምጽፈው አራት ኪሎና ፒያሳ አካባቢ ላላችሁ ወላጆች ነው። አስጠኚ የምትፈልጉ ካላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ልጄ አምስተኛ ክፍል ነው። አማርኛ አፉን የፈታበት ቋንቋ ነው፤ ሲያወራማ ማን ብሎት! መጻፍ ላይ ሲደርስ ግን ይጨነቃል። ደብተሩ በቀይ እስክሪብቶ ተዥጎርጉሮ ይመጣል፤ ለምን እንደተሳሳተ ግን ያስረዳው ሰው የለም። ባለፈው ዓመት የአማርኛ ደብተሩን ከአልጋ ሥር ሲደብቅ ያዝኩት። አንጀቴን በላው።

ቅዳሜ ጠዋት የምታስጠና መምህርት እንዳለች የነገረችኝ ጎረቤቴ ናት። አራት ኪሎ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ፎቅ ላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። መጀመሪያ ቀን ደረጃውን ስንወጣ የልጆች ጩኸት ሰማሁና እረፍት ላይ ያሉ መሰለኝ። በሩን ስከፍት ለካ ትምህርት ላይ ናቸው።

የጠመኔ ቅብብል ይሉታል። እንደ ዱላ ቅብብል ነው፤ በዱላው ፈንታ ጠመኔ። ሰሌዳው መሀሉ ላይ በመስመር ተከፍሏል፤ ሁለት ቡድን ተሰልፏል። ቲቸር አንድ ቃል ትጠራለች። የመጀመሪያው ልጅ ሮጦ አንድ ፊደል ብቻ ይጽፍና ጠመኔውን ለሚቀጥለው ያቀብላል። የሚቀጥለው ወይ ቀጣዩን ፊደል ይጽፋል፣ ወይ የጓደኛውን ስህተት ያርማል። ሁለቱን በአንድ ዙር ማድረግ አይቻልም። ተራ የሚጠብቁት ፊደሉን መናገር ክልክል ነው፤ የቃሉን ዘመድ ግን መጥራት ይችላሉ።

ልጄ የደረሰው "ሠራተኛ" ነበር። በእሳቱ ሰ ጀመረው። ከኋላው ያለችው ልጅ ስትሮጥ ቡድኑ "ሥራ! ሥራ!" እያለ ጮኸላት። ገባት። የሱን ሰ አጥፍታ ንጉሡን ሠ ጻፈችና ተመለሰች። የተቆጣውም የሳቀበትም የለም። ሥራ፣ ሠራተኛ፣ አሠሪ ሁሉም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው ትላቸዋለች። ጽሑፍ፣ ጸሐፊ፣ ጽሕፈትም እንደዚያው። አንዱን በደንብ የያዘ ልጅ ሌላው አይጠፋበትም።

እኔን በጣም የገረመኝ ግን የሰዋስው ጨዋታዋ ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ ቃል የተጻፈበት ካርቶን ትሰጣለች። አንዱ "ውሻው"፣ አንዱ "ልጁ"፣ አንዷ "ነከሰው"። የኔ ልጅ የደረሰው "ን" ብቻ ነው። መጀመሪያ "ልጁ" አጠገብ ተለጠፈ፤ "ውሻው ልጁን ነከሰው"። ቲቸር ልጁና ውሻው ቦታ ይቀያየሩ አለች። ተቀያየሩ፤ "ን"ም ልጁን ተከትሎ ሄደ። "ልጁን ውሻው ነከሰው"። ትርጉሙ ያው ነው። ቀጥላ "አሁን ን ብቻውን ይሂድ" አለች። ልጄ ሮጦ ውሻው ጎን ቆመ። "ልጁ ውሻውን ነከሰው!" ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ይህ ሁሉ ሲሆን "ነከሰው"ን የያዘችው ልጅ ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም። ማሰሪያዋ እሷ ናታ፤ ቦታዋ መጨረሻ ላይ ነው። እኔ በተማሪነቴ "ተሳቢ" የሚለውን በቃሌ ሸምድጄ ነው ያለፍኩት። ሥራውን ያየሁት የዚያን ቀን ነው።

የሚጠብቅና የሚላላውን ደግሞ በእጅ ነው የምታስከልሳቸው። ፊደላችን ይህን ለይቶ ስለማያሳይ ልጆቹ ይቸገራሉ። ሲጠብቅ ጡጫ፣ ሲላላ መዳፍ። "ሰፊው ሰፊ ቤት ገዛ" ስትል ቡድኑ በሙሉ መጀመሪያ መዳፉን ይዘረጋል፣ ቀጥሎ ይጨብጣል። አንድ ልጅ ከተሳሳተ ነጥብ የለም። ስለዚህ የገባው ላልገባው ሲያስረዳ ታያላችሁ።

ጭቅጭቅም አይጠፋም። አንድ ቅዳሜ "አዲስ አበባ" በአልፋው አ ነው በዐይኑ ዐ ብለው ተጣሉ። መሮጥ የማትወድ አንዲት ዝምተኛ ልጅ አለች፤ ቲቸር ዳኛ አድርጋታለች፤ መዝገበ ቃላቱ ያለው እሷ ጋ ነው። ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. ያሳተሙትን አነሣች። ርእሱ ላይ "ዐዲስ" በዐይኑ ነው። ቲቸር ደግሞ በመስኮት የሚታየውን ታፔላ አሳየቻቸው፤ እሱ በአልፋው። "አንዱ የቀደመው ነው፣ አንዱ ዛሬ የተለመደው ነው፣ ሁለቱንም እወቁ" ብላ ለሁለቱም ቡድን ነጥብ ሰጠች።

"ዝም ብሎ ጨዋታ ነው እንዴ?" የምትሉ ትኖራላችሁ። አይደለም። ከሦስት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ከሚቆዩት ጨዋታው የመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ነው፤ ለክለሳ። አዲስ ትምህርት የምታስተምረው ቁጭ አድርጋ፣ በጸጥታ ነው።

ልጄ አንደኛ ወጣ አልላችሁም። ቀዩ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ደብተሩ ግን አሁን ጠረጴዛ ላይ ነው። ባለፈው ሳምንት ወደ ፒያሳ ስንሄድ ታክሲ ውስጥ የሱቆቹን ታፔላ እያነበበ "እማ፣ ይቺ ሐ ተሳስታለች" ሲለኝ ዕንባዬ መጣ።

ቲቸርዬ፣ እጅሽ ይባረክ። ልጄን መልሰሽልኛል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ስሟንና ስልኳን እዚህ አልጽፍም፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሷን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ከ12 ልጅ በላይ አትቀበልም፤ ስለዚህ ቶሎ በሉ። ልጆቹን ስትልኩ ደግሞ ሸራ ጫማ አድርጉላቸው።