የአባቴን ቮልስ ላስተነፈሱልኝ የኮምቦልቻው አባት

ደሴና ኮምቦልቻ፣ ሐይቅም ሆነ ከሚሴ ያላችሁ፣ አሮጌ መኪና ይዛችሁ በየጋራዡ የምትንከራተቱ ሁሉ ይህቺን አንብቡልኝ። ረዘም ትላለች። አንጀቴ ስለራሰ ነው፤ ቻሉኝ።

አባቴ ሲሞት ሦስት ነገር ትቶልን ሄደ፤ ቤቱን፣ አንድ ሳጥን መጽሐፍና ሰማያዊ ቮልሱን። መምህር ነበር፤ ሐይቅ ሲያስተምር ከደሞዙ እየቆጠበ የገዛት ናት። ቅዳሜ ጠዋት ከእኛ ከልጆቹ ቀድማ የምትታጠበው እሷ ነበረች። እናቴ "ጣውንቴ" ትላታለች፤ ያኔም፣ አሁንም። ታዲያ ሰው ሁሉ "ሽጭና ተገላገይ" ሲለኝ እንዴት ብዬ ልሽጣት? ደግሞስ ሸጬ ምን ልገዛ? ከ2012ቱ የኤክሳይዝ አዋጅ ወዲህ ያገለገለ መኪና የሚቀመስ አልሆነም፤ በ2016 ደግሞ የነዳጅ የቤት መኪና ጭራሽ እንዳይገባ ተከለከለ። ጎረቤቴ "ኤሌክትሪኩን ግዢ" ትለኛለች። በመምህር ደሞዝ! (አዎ፣ እኔም መምህር ነኝ። አራተኛው ውርስ እሱ ነው።)

የቮልሷ አመል እንዲህ ነበር። ደሴ ውስጥ ከፒያሳ ሰኞ ገበያ፣ ከዚያ ቧንቧ ውሃ ብትሉ ምንም አትል። ኮምቦልቻ ወርጄ ስመለስ ግን ሐረጎ ዳገት ላይ መንተፋተፍ ትጀምራለች፤ ከዚያ ጸጥ። ሩብ ሰዓት ያህል አርፋ ምንም እንዳልሆነ ሰው ትነሳለች። ሐረጎን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ነገር ግን ሽቅብ ነው፣ ጥምዝምዝ ነው፣ ከጅቡቲ ጭኖ የሚመጣው ከባድ መኪና ደግሞ ከኋላ ሆኖ ክላክሱን ያንባርቅባችኋል። እዚያ ላይ መቆም ምን ማለት እንደሆነ የቆመ ያውቀዋል።

ሁለት ዓመት ሙሉ አስጠገንኳት። የማንንም ስም አልጠራም፤ እነሱ ራሳቸውን ያውቃሉ። አንዱ ካንዴላ ቀየረ። ሌላው ካርቡራተሩን ፈቶ፣ አጥቦ፣ ገጠመ። ሦስተኛው "የቤንዚን ፓምፑ ነው" አለኝና ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ጠበቅኩ። የመጨረሻዋ ቮልስ ሜክሲኮ አገር ከሚገኘው ፋብሪካ ከወጣች እኮ (እንደ ፈረንጆቹ በ2003) ከ20 ዓመት በላይ ሆኗታል፤ ዕቃ እንደ ጽላት ነው የሚፈለገው። ፓምፑ ተገጠመ፤ ሐረጎ ላይ ቆመች። ተመልሼ ስናገር ጊቢያቸው ውስጥ ያስነሷትና "ይኸው! ምን ሆነች?" ይሉኛል። ጊቢ ውስጥማ መቼ እምቢ አለች? አንዱማ "መኪናዋ ደህና ናት፣ አነዳድሽ ነው" ብሎኛል። ወንድሜ ይዟት ሄዶ እዚያው ኩርባ ላይ መቆሟን ስነግረው ዝም አለ እንጂ ይቅርታ እንኳ አላለኝም። ገና መቆም ሳትጀምር የቤንዚን ሽታ አስቸገረኝ ያልኩት ሌላው ደግሞ ለሁለት ደቂቃ ሥራ 300 ብር ተቀብሎ "አከምኳት" አለኝ።

የሁሉም ቁንጮ ግን "ራዲያተሯ ቆሽሾ ነው የምትግለው" ብሎ ለራዲያተር ማጠቢያ 2,500 ብር የተቀበለኝ ነው። ከፈልኩ። ደረሰኝ ሁሉ አለኝ። እኔ ምን አውቄ!

ባለፈው ነሐሴ እናቴን ኮምቦልቻ ለቅሶ አድርሼ ስመለስ ያው ቦታ ቆመች። ጉሙ ወርዶ ሁለት እርምጃ አያሳይም። እናቴ ጋቢዋን ተከናንባ ጋቢና ውስጥ "ማርያም ማርያም" ትላለች። አንድ የከባድ መኪና ሹፌር አቆመ፤ ረዳቱ ሮጦ ወርዶ ጎማዋ ሥር የድንጋይ ታኮ አደረገልን። ሹፌሩ ቮልሷን አይቶ ሳቀና "እታለም፣ ኮምቦልቻ እኚያ አባት እያሉልሽ ሌላ ጋ ምን ትሠሪያለሽ?" አለኝ። አላህ መንገዱን ያቅናለት፤ ስሙን እንኳ ሳልጠይቀው ሄደ።

በነጋታው ወረድኩ። ከዋናው መንገድ ገባ ያለች፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ የሆነች ጋራዥ ናት። ጋሼ በዕድሜ ገፋ ያሉ ናቸው፤ በ2014ቱ ጦርነት ከጋራዣቸው አንዲት መፍቻ እንኳ ሳትተርፍ ቀርታ ከባዶ እንደጀመሩ በኋላ ነው የሰማሁት። መኪናዋን ሳያዩ "ልጄ፣ ቡና ቀርቧል፣ ተቀመጪ" አሉኝ። አቦሉን እየጠጣሁ ብሶቴን ዘረገፍኩት። አላቋረጡኝም። የራዲያተሩ ጋ ስደርስ ግን ስኒያቸውን አስቀመጡ።

"የቮልስ ራዲያተር?"

"አዎ ጋሼ።"

"እኔ 40 ዓመት ፈልጌ አላገኘሁትም። የት ጋ ነው ያጠበልሽ?"

ልጁ ረዳታቸው ሳቁን መያዝ አቅቶት ወጣ። ለካ ቮልስ በነፋስ እንጂ በውሃ አትቀዘቅዝም፤ ራዲያተር የሚባል ነገር ከነጭራሹ የላትም! እሳቸው አልሳቁብኝም። "አብሽሪ፣ ያላወቀ አይወቀስም፤ እያወቀ የበላ ነው የሚጠየቀው" ብለው ቶናውን ቀዱልኝ።

ከዚያ ማንም ያልጠየቀኝን ጠየቁኝ። "ስንት ደቂቃ ስትነጂ ነው የምትቆመው?" ሃያ ደቂቃ ግድም አልኳቸው። "ቆማ የምትነሳውስ?" ነገርኳቸው። ኮፈን አልከፈቱም፣ መፍቻ አላነሱም። ሙስበሃቸውን ይዘው ጋቢና ገቡና "በይ ንጂ፣ እምቢ የምትልበት ቦታ ድረስ እንሂድ" አሉኝ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ስንት ሰው ሲነካካት ሐረጎ ድረስ አብሮኝ የመጣ አንድም አልነበረም። ይህን ሳስብ አሁንም ያስለቅሰኛል።

መንገድ ላይ ስለ አባቴ ጠየቁኝ። ሐይቅ ያስተምር እንደነበር ስነግራቸው "እኔም እዚያው ሐይቅ እስከ አራተኛ ተምሬያለሁ" አሉ። ከዚያ ተንተፋተፈች፤ ኩርባው ላይ ጸጥ አለች። እኔ የለመድኩትን ልማድ ይዤ ሞተሩ ወዳለበት ወደ ኋላ ስሄድ እሳቸው ወደ ፊት ሄዱ። የፊቱን ኮፈን ከፍተው የቤንዚኑን ክዳን ቀስ ብለው አዞሩት፤ "እስስስስ" የሚል ረጅም ድምፅ ወጣ።

"ሰማሽ? ተነፈሰች" አሉኝ።

ክዳኑ ሥር ተጠቅጥቆ የቆየ፣ ቤንዚን ያኮማተረው ጥቁር ፌስታል ጎትተው አወጡና መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ያ "አከምኳት" ያለኝ የሽታው ሐኪም የጠቀጠቀው ነው! እንዳስረዱኝ ከሆነ ቤንዚኑ ሲጎድል በምትኩ አየር መግባት አለበት፤ ፌስታሉ አየሩን ከልክሎት ታንከሩ ታፍኖ ነው። ከዚህ የበለጠ አልገባኝም፣ አትጠይቁኝ። ወዲያው ቁልፍ ስሰጣት ተነሳች። ሩብ ሰዓት መጠበቅ የለ፣ ምን የለ። ሐረጎን በአንድ ትንፋሽ ወጥተን ተመለስን።

ጋራዥ ስንመለስ ሽታውን በትክክለኛ ክዳንና በአዲስ ጎማ ዘጉልኝ። ቺንጋውም መሰንጠቁን አሳይተውኝ ቀየሩልኝ፤ አሮጌውን "ይዘሽ ሂጂ፣ ነገ ቀየርኩ ብሎ ያልቀየረ ሲያጋጥምሽ ማወዳደሪያ ይሆንሻል" ብለው ሰጡኝ። ሒሳብ ስላቸው የክዳኑንና የቺንጋውን ዋጋ ብቻ ነገሩኝ። የእጅዎስ? ስል "ፌስታል ለማውጣት ብር ልቀበል?" አሉ። በግድ ለልጁ ትንሽ ሰጠሁት። "ማርያም ታክብርልኝ" አልኳቸው፤ "አሚን፣ አንቺንም አላህ" አሉኝ።

ይኸው እስከዛሬ አንድ ቀን አልቆመችም። ከደሴ ኮምቦልቻ ስንት ጊዜ ተመላልሰናል። ባለፈው እሑድ ያቺን ኩርባ ስናልፍ እናቴ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ "ጣውንቴ ዛሬስ ጨዋ ሆነች" አለች።

ወገኖቼ፣ ሂዱላቸው። ቮልስም ይሁን ኮሮላ ዲኤክስ፣ አሮጌ የያዘ ሁሉ ይሂድላቸው። እንዲህ ያለ ሐቀኛ ሰው ሥራ ፈትቶ ሌላው በራዲያተር ማጠቢያ ሲከብር ማየት ያሳዝናል። ስማቸውን እንዳልጽፍ "ሥራዬ ይናገር" ብለው ከልክለውኛል፤ ስለዚህ በውስጥ ጠይቁኝ፣ አድራሻቸውን እነግራችኋለሁ። ዓርብ ቀትር ላይ አትሂዱ፣ ጁምዓ ናቸው። ቡና ካቀረቡላችሁ ደግሞ ቸኩያለሁ እንዳትሉ፤ የመኪናውን በሽታ የሚያውቁት እዚያው ስኒው ላይ ነው።

ከመውረዳችሁ በፊት ግን የቤንዚን ክዳናችሁን ከፍታችሁ እዩት። ፌስታል ካለ አውጡት፤ ምናልባት መውረድም ላያስፈልጋችሁ ይችላል።